ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመው ሰው

በጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ፣ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎችና መንገደኞች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት

ከመካከላችሁ የተሳቢ ሹፌሮች አላችሁ፤ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ የምትውሉ፣ ሆቴል የምታስተናግዱ፣ በሰው ቤት የምትሠሩ፣ ሱቅ ያላችሁ አላችሁ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ቁማር ነው። ኃጢአት መሆኑን፣ ሐራም መሆኑን ካህናቱና ሼኾቹ ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ የመጣሁትም ስለ አንድ የሥራ መደብ ለመናገር ነው። በካዚኖ ውስጥ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ጨዋታውን የሚቆጣጠር፣ ተጫዋቹን የሚያስተናግድ፣ አንዳንዴም የሚያሰናብት ሰው አለ። የዚህን ሰው ሥራ የተረዳ ሁሉ ቁማር ቤት ገብቶ ሲከበር ለምን እንደ ተከበረ ይገባዋል፤ ሲሸኝም ለምን እንደ ተሸኘ ይገባዋል።

ይህን ትምህርት አምቡሊ ላይ መስጠት የፈለግሁት በምክንያት ነው። አምቡሊ የመንገደኛ ሰፈር ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ ነው። ከማኮብኮቢያው ማዶ አሜሪካኖች የሰፈሩበት ካምፕ ለሞኒየ አለ፤ የፈረንሳይ ጦር ከነጻነት በኋላም አልወጣም፤ ጃፓኖችም በ2011 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ሰፈር ከፍተዋል። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ናጋድም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በዚህች ከተማ ወደብ ስለሚያልፍ የእኛ ሰው ሌት ተቀን ይመላለስባታል። አበሉን በኪሱ ይዞ፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ የጭነት ተራው መቼ እንደሚደርስ ሳያውቅ ቀኑን የሚገፋ ወጣት ባለበት ሁሉ ቁማር ይከተላል። ወታደርንም መርከበኛንም ተከትሎ በየወደቡ የኖረ ነገር ነው። በጅቡቲ በታወቀ መንገድ የካዚኖ ጠረጴዛ ያለው በኢሎ ዱ ኤሮን ሰፈር፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው በኬምፒንስኪ ሆቴል ነው። ከዚያ ውጭ በመኪና መቆሚያና በጫት መቃሚያ ቤት በካርታ የሚደረገው አለ፤ በየሰው እጅ ባለ ስልክ የሚደረገውም አለ። የምናገረው ስለ አንድ ቤት አይደለም። የምናገረው ይህ ሥራ በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የስፖርት ውርርዱ ግን የቅርብ ዘመን ነው። በካርታ የሚደረገውን ብላክጃክና ኳስ በቁጥሮች ላይ የሚሽከረከርበትን ሩሌት የሚጫወቱበትን ጠረጴዛ ግን ብዙው ኢትዮጵያዊ የሚያገኘው ከአገር ሲወጣ ነው። አስገራሚው ነገር ከጠረጴዛው በሁለቱም በኩል መገኘታችን ነው። በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ማኅበረሰቡ ከመብዛቱ የተነሣ የክላርክ አውራጃ አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ከእነዚህ ወገኖቻችን ታክሲ የሚነዱ አሉ፣ የሆቴል ክፍል የሚያጸዱ አሉ፤ ካርታ የሚያድሉና ጠረጴዛ የሚቆጣጠሩም አሉ። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሩቅ ያለ ነጭ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። የጎረቤታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ።

አንድ ሰው ሩሌት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና 20,000 ፍራንክ ያወጣል። ገንዘቡን ጨዋታውን ለሚያካሂደው ሠራተኛ፣ ማለትም ለአዳዩ፣ በእጁ አይሰጥም፤ አዳዩም ከእጁ አይቀበልም። ጠረጴዛው ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ያስቀምጠዋል። አዳዩ ኖቶቹን አንድ በአንድ እየነጠለ በረድፍ ይዘረጋቸዋል፤ ይህን የሚያደርገው ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ እያንዳንዷን ኖት እንዲያይ ነው። ከዚያ የገንዘቡን ልክ ጮክ ብሎ ይናገራል። ተቆጣጣሪው ከኋላ ጠጋ ብሎ ያይና ራሱን ይነቀንቃል። በገንዘቡ ምትክ የሚያስይዝበት ቺፕስ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፤ ኖቶቹ በላስቲክ መግፊያ ተገፍተው ጠረጴዛው ላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ተቆለፈ ሣጥን ይገባሉ። አዳዩ ጠረጴዛውን ሲለቅ ሁለት እጁን አጨብጭቦ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ያሳያል፤ ምንም አልያዝኩም ማለቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ተቆጣጣሪው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሥራው የታወቀ ነው። ክፍያው ትክክል መሆኑን ያያል፤ ኳሱ ካረፈ በኋላ ቺፕስ የሚያስጠጋ ሌባ እንዳይኖር ይጠብቃል፤ ተጫዋችና አዳይ ሲጣሉ ይዳኛል፤ ካልተስማሙም ካሜራውን እንዲያዩለት ይጠይቃል። በዚህ ሥራው ተቆጣጣሪው ለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም ይጠቅማል። አዳይ ተሳስቶ ያጎደለበትን ሰው ገንዘብ የሚያስመልስለት እሱ ነው። ደንብ ያለበት ቤትና በጓሮ ካርታ የሚመታበት ቤት ዋና ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ በጓሮው ቤት ዳኛው ራሱ በላተኛ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ግን ለተጫዋቹ አይታይም። ሰውዬው እንደ ተቀመጠ ተቆጣጣሪው በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፤ ስንት ሰዓት ላይ ተቀመጠ፣ በየትኛው ወንበር፣ ስንት ገንዘብ አወጣ። ከዚያ ጥቂት ዙር ያየውና በአማካይ በአንድ ዙር ስንት እንደሚያስይዝ ይገምታል። ሲነሣም የተነሣበትን ሰዓት ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ሰውዬው ምን ያህል መከበር እንዳለበት የሚወስን ጽሑፍ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ፤ ከባድ አይደለም። በአውሮፓው ሩሌት ከዜሮ እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉ። አንድ ቁጥር ላይ 1,000 ፍራንክ አስይዞ የወጣለት ሰው 35,000 ይከፈለዋል፤ የራሱ 1,000 ሲጨመር 36,000 ያነሣል። አሁን አንድ ሰው 37ቱም ቁጥሮች ላይ 1,000፣ 1,000 ፍራንክ ቢያስቀምጥ ምን ይሆናል? 37,000 ያወጣል፤ የትኛውም ቁጥር ቢወጣ 36,000 ያነሣል። በእያንዳንዱ ዙር 1,000 ይጎድልበታል። ከ37 አንድ፣ በመቶኛ 2.7 ገደማ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ 37ቱም ቁጥሮች በግልጽ ጠረጴዛው ላይ ተጽፈዋል። ሁለት ዜሮ ያለው የአሜሪካ ሩሌት 38 ቁጥር ስላለው ጉድለቱ በመቶ 5.26 ይደርሳል። ብላክጃክ ደግሞ አጨዋወቱን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው በመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚያጎድለው፤ በስሜት ለሚጫወተው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

እንግዲህ ተቆጣጣሪው የጻፈውን እናስላ። ሰውዬው በአማካይ 5,000 ፍራንክ ያስይዛል እንበል። በሰዓት 40 ዙር ይሽከረከራል፤ አራት ሰዓት ተቀመጠ። 5,000 በ40፣ እሱ ደግሞ በአራት ሲባዛ 800,000 ፍራንክ ጠረጴዛው ላይ አለፈ ማለት ነው። ከዚህ በመቶ 2.7 ሲወሰድ 21,600 ፍራንክ ገደማ ይሆናል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ተተክሎ ስለ ኖረ፣ ይህ 121 ዶላር ያህል ነው። በዚያች ሌሊት ሰውዬው አሸንፎ ወይም ከዚህ የበለጠ ተበልቶ ሊሄድ ይችላል፤ ቤቱ ግን የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። ሰውዬው እየተመላለሰ በመጣ ቁጥር እውነቱ ወደዚህ ቁጥር እየተጠጋ እንደሚሄድ ያውቃል።

ከዚህ ቁጥር ላይ ቤቱ የተወሰነ ድርሻ ለግብዣ ይመድባል። ከአራት አንድ እጅ ቢመድብ 5,400 ፍራንክ ይሆናል። በነጻ የሚመጣው እራት፣ መጠጡ፣ ብዙ ለሚያስይዙት የሆቴል አልጋው፣ ለትልልቆቹ የአውሮፕላን ትኬቱ ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነው። ተጫዋቹ ሲነሣ «ቢያንስ እራት በነጻ በላሁ» ይላል። ወንድሞቼ፣ ያ እራት ገና ሳይቀርብ ተከፍሎበታል። አንዳንድ ተጫዋች ተቆጣጣሪው ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ ሆን ብሎ ብዙ ያስይዛል፤ ግምቴን ያሳድግልኝ ብሎ ነው። ለአንድ ሳህን ሥጋ ብሎ የቤት ኪራዩን ያስይዛል ማለት ነው።

ስለ አክብሮቱ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ብቻ ሰውን አይስብም። እስቲ የአንድ ሹፌር ቀን አስቡ። ጠዋት ወደብ በር ላይ ይጮኹበታል። ሰነዱ ጎደለ ተብሎ ከመስኮት መስኮት ይንከራተታል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ በታርጋ ቁጥሩ ይጠሩታል። ማታ ወደ ቀዘቀዘ አዳራሽ ሲገባ ግን ከረባት ያሰረ ሰው ፈገግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ» ይለዋል። በሁለተኛው ቀን ስሙን ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን የሚወደውን መጠጥ ሳይጠይቅ ያስመጣለታል። ይህ ክብር ለዚያ ሰው እውነተኛ ጥማቱን ያረካለታል፤ የሚያስቅ ነገር የለበትም፣ ሰው መከበር ይወዳል። የሚያሳዝነው ክብሩ በተቆጣጣሪው ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ጋር አብሮ መውጣቱና አብሮ መውረዱ ነው። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ወንበሩን እንዲለቅ በትሕትና ይጠየቃል። ብድር ከጠየቀም ሌላ ፊት ያያል።

እዚህ ላይ ለተቆጣጣሪውም ፍትሕ ልስጠው። እሱም ተቀጣሪ ነው። በእሱ ፈረቃ ጠረጴዛው ስንት አስገባ ተብሎ ይጠየቃል። በብዙ ቦታ የጉርሻው ገንዘብ የአዳዮቹ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ ሆኖ ያደገ ሰው ቀድሞ ከሚያገኘው ያነሰ ወደ ቤቱ ሊወስድ ይችላል። በላስ ቬጋስ የዊን ካዚኖ በ2006 እ.ኤ.አ. ተቆጣጣሪዎቹ ከአዳዮች ጉርሻ እንዲካፈሉ ባዘዘ ጊዜ የተነሣው ክርክር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ጥሩ ተቆጣጣሪ ዛሬ ቤቱ ቢበላ ነገ እንደሚመለስ ያውቃል፤ ተጫዋች ሲያሸንፍ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ይከፍላል። መጥፎው ግን ቤቱ በተበላ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። አዳይ ይቀይራል፣ ካርታ ያስለውጣል፣ አሸናፊው ጀርባ ላይ ይቆምበታል። አዳይ መቀያየር በሒሳብ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ሠራተኛው ራሱ በገድ እያመነ ነው። ተጫዋቹን ማስፈራራት ግን በየትኛውም ደንብ የተፈቀደለት ሥራ አይደለም።

የካዚኖ ሰዎች የተጫዋቹን እምነት እንዴት እንደሚያስተናግዱ የሚያሳይ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ፊል አይቪ የተባለው ስመ ጥር ቁማርተኛ ከአንዲት ባልደረባው ጋር ለንደን ወደሚገኘው ክሮክፎርድስ ካዚኖ ሄደ። ባልደረባው ጥሩ የወጣላቸውን ካርታ አዳይዋ አዙራ እንድታስቀምጠው ጠየቀች፤ ገድ አለኝ ብላ ነው። ያንኑ ካርታ ሳትቀይሩ ነገም እንጫወትበት አሉ፤ ቤቱም እሺ አለ። ገድ የሚቆጥር ሰው ተበልቶ ይሄዳልና ምን ቸገረን ብለው ነው። እነዚህ ሰዎች ግን በካርታው ጀርባ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቃቅን የኅትመት ልዩነት እያነበቡ ነበር። 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፉ። ቤቱ አልከፍልም አለ፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. አይቪ ራሱ ማጭበርበር አይደለም ብሎ ቢያምንም ያደረገው ማጭበርበር ነው ብሎ ፈረደበት። የፍርዱን ነገር የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት፤ እኔ የማየው ሌላ ነው። ገድ የሚያመልክ ተጫዋች የጠየቀው ሁሉ የሚደረግለት፣ ገዱ ቤቱን ስለማይጎዳ ነው። ወንበር ልቀይር ቢል ይቀየርለታል፤ ያለፉት ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ ተጽፈው እንዲያያቸው ይደረጋል። በ1913 እ.ኤ.አ. በሞንቴ ካርሎ ጥቁር 26 ጊዜ በተከታታይ ወጣ፤ «አሁንስ ቀይ ይመጣል» እያሉ ያስያዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ተበሉ። ኳሱ ያለፈውን አያስታውስም። ሰሌዳው ግን ዛሬም በየሩሌቱ አጠገብ ተተክሎ ይታያል።

በአንጻሩ በእውቀት የሚጫወተው ሰው ምን ይደረጋል? በ1962 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር በብላክጃክ የወጡትን ካርታዎች በአእምሮ እየቆጠሩ ቤቱን መብለጥ እንደሚቻል በመጽሐፍ አሳየ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሰውዬው ዓይኑንና ጭንቅላቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ሆኖም ተቆጣጣሪዎች ካርታ የሚቆጥር ሰው ከጠረጠሩ ትከሻውን ነካ አድርገው «ሌላ ጨዋታ ይጫወቱ፣ ብላክጃክ ግን ከእንግዲህ አይችሉም» ይሉታል። ኬን ኡስተን የተባለ ተጫዋች ከሶ በ1982 እ.ኤ.አ. የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካዚኖዎች ካርታ በመቁጠሩ ብቻ ሰውን ማባረር እንደማይችሉ ወሰነለት፤ በኔቫዳ ግን እስከ ዛሬ ማሰናበት ይፈቀዳል። የሁለቱን ተጫዋቾች አያያዝ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ለአራት ቀን ሳይተኛ የሚበላው ሰው ቡና ይቀርብለታል፤ በጥንቃቄ ተጫውቶ ጥቂት የሚያሸንፈው ሰው በሩን ያሳዩታል። ያገር ቤት ገበጣ ሲጫወቱ ዳር ተቀምጦ የሚያይ ሽማግሌ ለማንም ሳያዳላ «ልጄ፣ ዛሬ አልሆነልህም፣ ተነሣ» ይላል። የካዚኖው ዳኛ ይህን ቃል የሚናገረው ለአሸናፊው ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በየካዚኖው ካርታ የሚያድለው ሠራተኛ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይቆይም። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ፣ በብዙ ቤት ከዚያም ባጠረ ጊዜ ተተኪ ይመጣለታል፤ እረፍት ይወጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይቀመጣል። ይህ ለሠራተኛው ከማሰብ ብቻ የመጣ አይደለም። የደከመ አእምሮ በቁጥር ይሳሳታል፤ የተሳሳተ አዳይ ቤቱን ያከስራል። ተቆጣጣሪው ይህን ስለሚያውቅ የእረፍት ሰዓቱን ደቂቃ ሳያዛንፍ ያስጠብቃል። እንግዲህ በዚሁ ጠረጴዛ ማዶ፣ በተመሳሳይ መብራት ሥር፣ መጠጥ እየተቀዳለት ለ10 ሰዓት፣ ለ15 ሰዓት የተቀመጠ ሰው አለ። የእሱም አእምሮ ይደክማል። እሱም ይሳሳታል። እሱ ግን ተተኪ የለውም፤ ተነሣ የሚለውም የለም። ቤቱ ስለ ድካም ያለውን እውቀት በሙሉ ለራሱ ብቻ አስቀርቶታል። ይህ ነው በካዚኖ ሥራ ውስጥ ያለ ትልቁ ግፍ ብዬ የማምነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በአውስትራሊያ ሃሪ ካካቫስ የተባለ ቁማርተኛ በሜልበርን ክራውን ካዚኖ በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. 20.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተበላ። ሱሰኛ መሆኔን እያወቁ እየሸነገሉ ጠሩኝ ብሎ ከሰሰ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. የራሱን ጥቅም ማስላት የሚችል ሰው ነበር ብሎ አሰናበተው። በዚያን ጊዜ የሕጉ ዓይን ተጫዋቹ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ግን መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. የዚያኑ ካዚኖ አሠራር አገላብጦ አየ፤ ካዚኖው ፈቃድ ሊይዝ የማይገባው ነው አለ፤ ሆኖም በልዩ ተቆጣጣሪ ሥር እንዲቆይ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የቪክቶሪያ ግዛት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ካዚኖ 120 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ። ከጥፋቶቹ አንዱ ሰዎች ያለ እረፍት ከ24 ሰዓት በላይ ሲጫወቱ ሠራተኞቹ ቀርበው አለማነጋገራቸው፣ አለማስቆማቸው ነው። አያችሁ፤ የሠራተኛው ዝምታ በሕግ ፊት ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ። ሲንጋፖር ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ካዚኖ ስትከፍት አንድ ብልሃት አብራ አወጣች። የሱሰኛው ሚስት፣ ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ አመልክቶ ሰውዬው ካዚኖ እንዳይገባ ሊያስከለክለው ይችላል፤ ተጫዋቹም ራሱ በፈቃዱ ራሱን ማስከልከል ይችላል። የሲንጋፖር ዜጋ ሲገባም መግቢያ ይከፍላል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. መግቢያው ለአንድ ቀን 150 የሲንጋፖር ዶላር ሆኗል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። በየሰፈሩ የተከፈተው የቤቲንግ ቤት ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሠራተኛ እንጂ ተቆጣጣሪ የለም። ከ21 ዓመት በታች ያለ እንዳይወራረድ መመሪያው ይከለክላል፤ መታወቂያ የሚጠየቅበትን ቤት ግን እናንተው ቁጠሩ። የአዲስ አበባ አስተዳደር በዘመቻ ቤቶቹን በዘጋ ጊዜ ውርርዱ ወደ ስልክ ገባ። ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ ቴሌብር በየኪሱ ስላለ ገንዘብ ለማስገባት መውጣት እንኳ አያስፈልግም። አሁን የተቆጣጣሪውን ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ስንት ሰዓት እንደ ተጫወትህ ይመዘግባል፣ በአማካይ ስንት እንዳስያዝህ ያሰላል፣ ለሁለት ቀን ከጠፋህ «ቦነስ ተልኮልዎታል» የሚል መልእክት ይልካል። የካዚኖው ሰው ቢያንስ ዓይን አለው፤ እያለቀሰ የሚያስይዝ ሰው ፊቱ ላይ ሲቀመጥ ያያል፤ ጥሩ ሰው ከሆነም አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ቤትህ ግባ» ሊለው ይችላል። በላስ ቬጋስ ከሚሠሩ ወገኖቻችን መካከል ይህን የሚያደርጉ እንዳሉ አልጠራጠርም። ስልኩ ግን ይህን ቃል አይናገርም፤ እንዲናገር ሕግ ካላስገደደው በስተቀር። እዚህ ጅቡቲ፣ መኪናው ውስጥ ጋቢና ላይ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ የውርርድ ጨዋታ ላይ አውሮፕላኗ ስትነሣ የሚያየው ልጅ ከሁሉም ጠረጴዛ በላይ ያሳስበኛል። ከአሸነፈው ላይ መንግሥት ግብር ይቆርጣል። ከተበላው ላይ ግን የሚጠይቅለት የለም።

የቁማር ሱስ በሽታ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ክፍል አስቀምጦታል። አዲስ አበባ ላይ በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ፤ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የታመመ ሰው «ባለጌ ነው» ተብሎ ከተተወ የሚመለሰው ወደዚያው ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ማንም ባለጌ አይለውማ።

እንግዲህ ለሦስት ወገን የምለው አለኝና ንግግሬን በዚህ ልፈጽም።

ለምትጫወቱ ወንድሞቼ፤ ብትተዉት ደስ ይለኛል። ካልተዋችሁ ግን ከተቆጣጣሪው ትክክለኛ ክፍያና ትክክለኛ ዳኝነት ጠይቁ፤ ይህ መብታችሁ ነው። ከተሳሳተባችሁ ቺፕሱን ሳትነኩ እዚያው «ካሜራው ይታይልኝ» በሉ፤ በኋላ ማስረጃ የለም። ፍቅሩንና ግብዣውን ግን አትፈልጉ። አበላችሁን ከመግባታችሁ በፊት ለጓደኛ አስቀምጡ፤ ባንክ ካርዳችሁን ቤት ተዉት። አዳዩ ሲቀየር አይታችሁ ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ እሱ ደክሞት ከወጣ እናንተም ደክማችኋል።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፣ ወይም በዱባይም በአሜሪካም በዚህም የሆቴል ሥራ ፈልጋችሁ ለምትሄዱ ልጆቼ፤ ሥራው ሕጋዊ ከሆነ እንጀራ ነው፣ አልንቃችሁም። በልኩ ክፈሉ፤ ጠጥቶ የሚንገዳገድ ሰው ላይ መጠጥ አትጨምሩ፤ የተበላ ሰው ሲነሣ መንገዱ ላይ ቆማችሁ አትጥሩት። አለቃችሁ ቁጥሩን ቢያይም፣ እናንተ የምታዩት ፊት ነው።

ለማኅበረሰቡ መሪዎች፣ ለእድር ዳኞች፣ ለካህናትና ለሼኾች፣ አገር ቤት ደንብ ለሚያወጡ ባለሥልጣናት፤ የሲንጋፖሩን አሠራር እዩልን። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ አመልክታ የስልኩ ውርርድ የሚዘጋበት ሥርዓት ማበጀት ይቻላል፤ ገንዘቡ የሚያልፈው በመታወቂያ በተመዘገበ ስልክ ቁጥር ነውና ማን እንደሚጫወት አይጠፋም። ያለ እረፍት ሰዓታት የሚጫወትን ሰው እንዲያስቆሙ ድርጅቶቹን የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ። ይህን ለመጠየቅ የፈለገ ሁሉ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ስሙን በሩ ላይ ባለው መዝገብ ያስፍር፤ ደብዳቤውን አብረን እንጻፍ።